የትዕዛዝ መስመር በአዋሽ ሸለቆ

«ኮማንድ ላይን» የሚለውን ወደ አማርኛ መልሱ ብትባሉ «የትዕዛዝ መስመር» ማለታችሁ አይቀርም። ትርጉሙ ሳይታሰብ ሰምሮልናል። በእኛ አገር መስመር ያልሆነ ነገር የለም፤ የስልክ መስመር አለ፣ የባቡር መስመር አለ፣ የመብራት መስመር አለ፣ አለቃ ሲቆጣም «መስመር ያዝ!» ይላል። ከእነዚህ መስመሮች አንጋፋዎቹ ደግሞ ከምሥራቅ ተነስተው አዲስ አበባ ለመግባት አንድ ሸለቆ ማቋረጥ ነበረባቸው፤ የአዋሽን ሸለቆ። ስለዚህ ስለ ክላውድና ስለ ፕለጊን ልናወጋችሁ ተነስተን ወሬውን በአዋሽ ሰባት ኪሎ እና በሰመራ ብናዞረው አትገረሙብን። (የኮምፒውተሩ ታሪክ የፈረንጅ ስለሆነ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አድርገናቸዋል። ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ አንብቡ።)

መጀመሪያ የዘመኑን ነገር እናፍታታው።

እንበልና ከሰመራ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀች አንዲት ልጅ የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠራች። ላፕቶፗ ላይ ቆንጆ አድርጎ ይሠራል። ግን የአሳይታውም፣ የሎግያውም፣ የአዋሹም ጤና ጣቢያ እንዲጠቀምበት ከተፈለገ ፕሮግራሙ ቀን ከሌት በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ አለበት። ዱሮ ቢሆን ሰርቨር ትገዛለች፣ ክፍል ትከራያለች፣ ጄኔሬተር ታስገባለች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማቀዝቀዣ ትተክላለች። የሰመራን የሰኔ ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህ የመጨረሻው ወጪ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ አርባ ዲግሪ ማለፍ እዚያ ወሬ አይደለም። ዛሬ ግን የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ቦታ ትከራያለች። ክላውድ የሚባለው በአጭሩ ይኸው ነው፤ ስሙ ደመና ሆነ እንጂ ነገሩ መሬት ላይ የተተከለ የብረት ሳጥን ነው። የሆነ ከተማ ውስጥ፣ የሆነ ድርጅት ቁልፍ የያዘበት ሳጥን።

ያንን የሩቅ ሳጥን እንዴት ታዝዘዋለች? አንዱ መንገድ የአከራዩን ገጽ ከፍቶ በማውስ መጫን ነው። ሌላው ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ መጻፍ ነው። በ2011 ቪኤምዌር ያወጣው ክላውድ ፋውንድሪ የተባለ ሶፍትዌር አለ፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የትዕዛዝ መሣሪያውም «ሲኤፍ» ይባላል። ልጅቷ ፕሮግራሟ ያለበት ፎልደር ውስጥ ቆማ «ሲኤፍ ፑሽ» ብላ ኢንተር ትጫናለች። መሣሪያው ፋይሎቹን ሰብስቦ ይልካል፤ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ፕሮግራሙ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ያጣራል፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያመጣል፣ አንድ ላይ ይጠቀልላል፣ ያስነሳል፣ አድራሻ ይሰጠዋል። ሁለት ቃል ብቻ! «ሲኤፍ ሎግስ» ብትል ፕሮግራሙ የሚለውን ትሰማለች፤ ሰው ሲበዛባት «ሲኤፍ ስኬል» ብላ ሁለት ሦስት ታደርገዋለች።

ፕለጊን የሚመጣው ነገሩ ሲሰፋ ነው። የቀጠሮው ፕሮግራም አድጎ ሦስት ክፍል ሆነ እንበል፤ አንዱ ለነርሷ፣ አንዱ ለጤና ቢሮው፣ አንዱ አጭር መልእክት የሚልክ። ዳታቤዝ ይፈልጋል፣ መልእክቶችን ወረፋ የሚያስይዝ አገልግሎት ይፈልጋል። ዳታቤዙ ሳይነሳ ፕሮግራሙ ቢነሳ ይወድቃል። እነዚህን አንድ በአንድ ማዘዝ ይሰለቻል፤ የሰለቸ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ፕለጊን ማለት ለትዕዛዝ መሣሪያው አዲስ ቃል የሚያስተምር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ለምሳሌ የኤስኤፒ ባለሙያዎች የሠሩት «መልቲአፕስ» የሚባል ፕለጊን አለ። አንድ ፋይል ላይ «ክፍሎቼ እነዚህ ናቸው፣ ይህኛው ያንን አገልግሎት ይፈልጋል፣ ያ ሳይነሳ ይህ አይነሳም» ብለህ ትጽፋለህ፤ ከዚያ «ሲኤፍ ዲፕሎይ» ብቻ ነው። አገልግሎቶቹን ይፈጥራል፣ ከክፍሎቹ ጋር ያስራል፣ በተራቸው ያስነሳል። መሃል ላይ ቢሰናከል ሥራው መለያ ቁጥር ይዞ ይቆያል፤ ያንን ቁጥር ጠርተህ «ድገም» ወይም «ተወው» ትለዋለህ። ከሁሉ የምንወድለት ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። አሮጌው እየሠራ አዲሱን ጎኑ ያስነሳል፤ አዲሱ ደህና መሆኑ ሲረጋገጥ ተጠቃሚውን ሁሉ ወደዚያ ያዞርና አሮጌውን ያነሳል። ተጠቃሚው ምንም አልሰማም። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ባቡሩ ጋ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ።

ጥቁሩ መስኮት ከሰማይ አልወረደም። ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ከ1969 ጀምሮ የሠሩት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የአንድ ስልክ ኩባንያ ተቀጣሪዎች ነበሩ፤ የአሜሪካው ኤቲኤንድቲ ንብረት በሆነው በቤል ላብስ። ትዕዛዝ የሚጽፉበት መሣሪያ ደግሞ ስክሪን አልነበረውም። ቴሌታይፕ ነበር፤ በሽቦ የሚመጣ መልእክት ወረቀት ላይ የሚያትም፣ ከቴሌግራም ዘመን የተወረሰ የጽሕፈት መኪና። በሰከንድ ከአሥር ፊደል በላይ አይሄድም። የኮምፒውተር ተማሪዎች ዛሬም የሚጽፏቸው ትዕዛዞች «ኤልኤስ»፣ «ሲፒ»፣ «ኤምቪ» እየተባሉ ባለ ሁለት ፊደል የሆኑት በዚህ የተነሳ ነው፤ መኪናው ቀርፋፋ ስለነበረ። ቴሌግራምም በቃል ስለሚከፈልበት ሰው «እናት ታማለች ቶሎ ና» ብሎ ነበር የሚልከው። አጭር ትዕዛዝ የተወለደችው ከረጅም ሽቦ ነው ማለት ነው።

ረጅሙ ሽቦ ወደ እኛ የመጣው ማንም ኮምፒውተር ሳያልም ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የራሱን ልደት የሚቆጥረው ከ1894 ነው፤ ምኒልክ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ የ477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራም መስመር ካስጀመሩበት ጊዜ። ካርታ ያየ ሰው እንደሚረዳው ከሐረር ተነስቶ አዲስ አበባ የሚመጣ ሽቦ አዋሽን ሳይሻገር አይደርስም። ስልኩን ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙት ይነገራል። እኛን የሚገርመን ግን ካህናቱ ሳይሆኑ ንጉሡ ናቸው፤ መሣሪያው ለምን እንደሚጠቅም ገና ከጅምሩ ገብቷቸዋል። ጠቅላይ ግዛቱ የላከው ወሬ በበቅሎ ሳምንታት ፈጅቶ ሲደርስ ገዢው በልቡ ነው የሚገዛው። ሽቦ ሲዘረጋ ግን ማዕከሉ በየዕለቱ «ምን ተሠራ?» ማለት ይችላል። የአገሪቱ ማዕከላዊ መንግሥት እጁ እንዲረዝም ካደረጉት ነገሮች አንዱ ስልክ መሆኑን ታሪክ ጸሐፊዎቹም ይስማሙበታል።

ባቡሩ ከስልኩ ጋር መንትያ ነው። ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በዚያው በ1894 ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ፤ በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ፤ ከተማዋም የባቡሩ ልጅ ሆና ተወለደች። እዚያ ላይ ገንዘብ አለቀ። ኩባንያው ከሰረ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን በ1906 በኢትዮጵያ ጉዳይ ላይ (ኢትዮጵያ ሳትጠየቅ) ሲዋዋሉ ይህ ሐዲድ የማን ይሁን የሚለው አንዱ የጭቅጭቅ ርዕሳቸው ነበር። በ1908 ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራውን ተረከበ። ሐዲዱ የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ምኒልክ ከሞቱ አራተኛ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ለአንድ «ዲፕሎይ» 23 ዓመት ትንሽ አይበዛም?

አዋሽ ሰባት ኪሎ ጣቢያ የሆነችው እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት መንገደኛው ባቡር ሌሊት ስለማይሄድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ። የጣቢያው ሆቴል «ቡፌ ዳዋሽ» ስሙ የቀረው በእነዚያ አዳሪዎች ነው። ሐዲዱ አንድ ብቻ ነበር፤ መሄጃውም መመለሻውም ያው። ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት እንዳይገናኙ ጣቢያዎቹ በሽቦ መነጋገር ነበረባቸው። «ባቡሩ ከእኔ ተነስቷል»፣ «መንገዱ ነፃ ነው»፣ «ቆይ አትልቀቅ»። የጣቢያ ሹሙ መልስ ሳያገኝ አይለቅም። አንዲት አጭር ቃል ስንት ሰው እንደምታድንና እንደምትገድል ከጣቢያ ሹም በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዛሬ አንድ «ዲሊት» ጽፎ የድርጅቱን ዳታቤዝ ያጠፋ ልጅ ካልሆነ በቀር።

ሹሙ አዋሽ ላይ ቁጭ ይበል እንጂ ኩባንያው የነበረው ፓሪስ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ አበባ የዞረውና ኢትዮጵያ የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ የያዘችው በ1959 ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ ከገባ ከ42 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ የአገሪቱ ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር በሚወጣበት ዋናው መስመር ላይ ታሪፍ የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነበር።

ይህን ለምን እናነሳለን? የክላውድ ነገር ከዚህ ስለማይርቅ ነው።

አሁን ያቺ የሰመራ ልጅ «ሲኤፍ ፑሽ» ስትል ትዕዛዟ የት ይሄዳል? የትልልቆቹ አከራዮች የአፍሪካ ማዕከላት ደቡብ አፍሪካ ናቸው፤ ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን በ2020 ኬፕ ታውን፣ ጉግል በ2024 ጆሃንስበርግ ከፈቱ። ብዙ ሰው ደግሞ ዋጋውን አይቶ ፍራንክፈርት ወይም አሜሪካ ይከራያል። ለማንኛውም መጀመሪያ ከአገር መውጣት አለበት፤ ከአንዱ ትልቅ በር ደግሞ ጅቡቲ ላይ ባሕር አለ። ወደዚያ የሚሄዱት የምድር ገመዶች ያንኑ የከባድ መኪናውንና የባቡሩን የምሥራቅ ኮሪደር ይዘው ነው የሚወጡት። አዋሽ ወንዝ ግን ባሕር አይደርስም፤ ጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ ሸለቆውን ሁሉ አጠጥቶ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ሰው የዘረጋው መስመር ወንዙ ያልቻለውን ችሏል።

መሬቱ ግን የሚታመን አይደለም። በ2005 ዳባሁ አካባቢ መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰነጠቀ፤ ሰፊው ቦታ ላይ ስምንት ሜትር ያህል ተከፈተ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ከአዋሽ ከተማ አጠገብ ያለው የፈንታሌ አካባቢ በየቀኑ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀየው ተነሳ። ባሕሩም ቢሆን ያው ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ገመዶች ተጎዱ፤ በሚሳይል የተመታች መርከብ መልሕቋን እየጎተተች ሳትቆርጣቸው አልቀረችም ነው የተባለው። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ደመና» የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ምን ነክቶት ነው ያሰኛል።

መሬትም ባሕርም ያልቆረጡትን ሰው ሊያጠፋው ይችላል። ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ግድም አገሩ ሁሉ ኢንተርኔት አልነበረውም። ያኔ የሆነውን ልብ በሉልን። ውጭ አገር ሰርቨር ላይ የተቀመጡ የአገራችን ልጆች ፕሮግራሞች አልወደቁም። ፍራንክፈርት ላይ በሰላም እየሠሩ ነበር፤ ጤና ጣቢያው ግን ሊከፍታቸው አይችልም፤ የሠራቸውም ልጅ ትዕዛዝ መላክ አይችልም። ባቡሩ እየሄደ ነው፣ ጣቢያ የለም። ለነገሩ እዚህ አዲስ አበባ ሰርቨር ቢኖራት ኖሮስ? መስመሩ ከሰመራ እስከ አዲስ አበባም ስለጠፋ ለውጥ አልነበረውም። ይህንን ሳንደብቅ መናገር አለብን፤ «የራሳችን ዳታ ሴንተር ቢኖር» የሚለው መልስ የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ነው የሚመልሰው።

መንግሥት ራሱ ሸለቆው ውስጥ የዘረጋቸውን የትዕዛዝ መስመሮች ሳንጠቅስ አንለፍ። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1997 ነው። ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ ወረዳኔት የሚባለው መጣ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ወረዳዎችን በሳተላይት ከማዕከል ጋር የሚያገናኝ። ስኩልኔት ደግሞ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በፕላዝማ ትምህርት ላከ፤ መምህሩ ሪሞት ያዥ ሆኖ የቀረበትን ያንን ጊዜ እኛ ትውልድ አንረሳውም። ወረዳኔት ላይ በብዛት የተካሄደው የቪዲዮ ስብሰባ ነበር። ሚኒስትሩ ከላይ ይናገራል፣ ወረዳው ከታች ይሰማል። ምኒልክ በሽቦ «ምን ተሠራ?» ካሉበት ጊዜ የተለየው ፊት መታየቱ ነው። በዚህች አገር አዲስ መስመር በተዘረጋ ቁጥር መጀመሪያ የሚያልፍበት ትዕዛዝ ነው፤ መልስ ብዙ ቆይቶ ይመጣል፣ ከመጣ።

እዚህ ላይ አፋሮችን መጠየቅ ጥሩ ነው። ዳጉ የሚባለውን ሳትሰሙ አትቀሩም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ዝም ብለው አይተላለፉም። ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ከብቱን የነካው በሽታ አለ ወይ፣ ማን ከማን ተጋጨ ይባባላሉ። የተነገረው ነገር በዓይን የታየ ነው ወይስ ከሌላ የተሰማ? ከተሰማስ ከማን? ይህ ሁሉ ይጠየቃል። ሐሰት ያቀበለ ሰው በኅብረተሰቡ ዘንድ ይዋረዳል፣ በባህሉም ይቀጣል። በዚህ መንገድ አንድ ወሬ ያለ ሽቦ በረሃውን በአጭር ጊዜ ያዳርሳል። ዳጉን «የአፋር ኢንተርኔት» እያሉ ማሞካሸት ቀላል ነው፤ እኛ ግን የምንፈልገው አንዷን ነጥብ ብቻ ነው። ዳጉ ውስጥ አዛዥ የለም። ጠያቂው ተጠያቂም ነው፤ ወሬ የተቀበለ ወሬ ይሰጣል። ጥሩ የትዕዛዝ መሣሪያ የሚባለውም ከዚህ አይርቅም፤ ላከ ብሎ ዝም አይልም፤ «ደረሰ፣ ይህኛው ተነሳ፣ ያኛው አልተነሳም፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሎግ የማያነብ ባለሙያ ዳጉ ሳይቀመጥ እንዳለፈ መንገደኛ ነው፤ ወንዙ መሙላቱን የሚያውቀው ውሃው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ወደ ባለቤትነቱ ጉዳይ እንመለስ፤ ነገሩ የሚጎዳው እዚያ ላይ ነውና።

ብዙ የኮምፒውተር ተማሪ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ያሰፈረበት ቤት ሄሮኩ ይባላል። በ2007 የተቋቋመ ነው፤ «ጊት ፑሽ» ብቻ ብሎ ፕሮግራም ማሳደርን ለዓለም ያስተማረ እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለጀማሪ ነፃ ነበር። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ነፃ ማለት ደግሞ ርካሽ ማለት ብቻ አይደለም፤ የሚቻለው እሱ ብቻ ነው ማለት ነው። በብር የሚሠራ የባንክ ካርድ እነዚህ ድርጅቶች ጋ ዋጋ የለውም፤ አምስት ዶላር ለመክፈል ውጭ ያለ ዘመድ ካርድ መለመን ነበር የተለመደው። ከዚያ ኖቬምበር 28 ቀን 2022 ደረሰ። ሄሮኩ ነፃውን አገልግሎት ዘጋ። ቀድሞ አስታውቋል፣ ውሉን አላፈረሰም፣ ክስ የሚያስነሳ ነገር የለውም። ካርድ የሌለው ግን ፕሮግራሙን አጣ። የመመረቂያ ሥራቸውን እዚያ ያኖሩ በየአገሩ ስንቶች ይሆኑ?

ከፋዩም ቢሆን አላመለጠም። አይቢኤም በ2014 ብሉሚክስ የሚባል ክላውድ በክላውድ ፋውንድሪ ላይ ገነባ፤ «ቢኤክስ» የሚባል የትዕዛዝ መሣሪያም ነበረው፣ ፕለጊን የሚቀበል። በ2017 ስሙ ተቀየረና አይቢኤም ክላውድ ተባለ፤ የትዕዛዙም ቃል ተቀየረ። በ2023 ደግሞ ክላውድ ፋውንድሪውን ራሱን ዘጋው። ዘጠኝ ዓመት! «ቢኤክስ» እያለ ሥራውን ሁሉ በፋይል ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ሁለት ጊዜ ቤት ቀየረ ማለት ነው።

አሁን ያዙልን ያልናችሁን ነጥብ መልሱልን። የአዲስ አበባ ድሬዳዋው አሮጌ ባቡር በ2008 ገደማ ቆመ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው በኦክቶበር 2016 ነው፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2018 መጀመሪያ። አሮጌውን ሳታነሳ አዲሱን አስነሳ የሚለው የፕለጊኑ ብልሃት እዚህ ተገልብጦ ነው የተሠራበት፤ አሮጌው ሞተ፣ ለዓመታት መስመሩ ጭር አለ፣ ከዚያ አዲሱ መጣ። በባቡሩ የሚኖሩ የጣቢያ ከተሞች፣ ጫት ሻጯም ሻይ አፍዪዋም ሠራተኛውም፣ እነዚያን ዓመታት በምን እንዳለፏቸው የሚጠይቅ ሎግ የለም። በዚያ ላይ የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የዱሮው ፉርጎ አዲሱ ላይ አይወጣም። መሐንዲሶች ይህን ጌጅ ይሉታል፤ የሶፍትዌር ሰዎችም የራሳቸው ጌጅ አላቸው፤ ሁለት ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት ስምምነት። አዲሱ ሐዲድ ሰፊውን የመረጠው ብዙው ዓለም የሚጠቀምበት ስለሆነ ነው፤ ነገ ሌላ አገር የተሠራ ባቡር ብትገዛ ይሄዳል። በአንድ አከራይ ፕለጊን ብቻ የሚገባ ፋይል የጻፈ ሰው ግን አንድ ሜትሩ ሐዲድ ላይ ነው ያለው።

ይህ የጥቂት ኮምፒውተረኞች ጭንቀት ነው የሚል ካለ፣ በጁላይ 2024 መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የሚል ዘመቻ መጀመሩን እናስታውሰው። ሠልጣኙ ድረ ገጽና የስልክ አፕ መሥራት በኢንተርኔት ይማራል። ጥሩ ነው። ከአምስት ሚሊዮኑ ከመቶ አንዱ እንኳ ቢሳካለት 50 ሺህ ፕሮግራም ቤት ይፈልጋል። የት ያድር?

አገር ውስጥ አሁን ቤት አለ፤ ይህ ከአሥር ዓመት በፊት አይባልም ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም ያከራያል። ጎሮ ያለው የአይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል፤ ራክሲዮ አንዱ ነው፣ በ2023 ሥራ ጀመረ። በብር ይከፈላል፤ መልሱም ፍራንክፈርት ደርሶ አይመለስም። ችግሩ እዚህ የምትከራየው በአብዛኛው ባዶ ቤት መሆኑ ነው። ሊኑክስ የተጫነበት ባዶ ማሽን ይሰጡሃል፤ ጥቁሩን መስኮት ከፍተህ ስትገባ «ፑሽ» የሚል ቃል የሚያውቅ የለም። ዳታቤዙን ራስህ ጫን፣ ቁልፉን ራስህ ቀይር፣ ሲሞላ ራስህ አጽዳ።

ለዚህ መላ ያለው አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ዶኩ ይባላል። በ2013 ጄፍ ሊንድሴ የሚባል አሜሪካዊ ሲያወጣው ኮዱ መቶ መስመር ግድም ነበር፤ ሄሮኩ የሚሠራውን በአንዲት ተራ ማሽን ላይ ይሠራል። ክፍት ነው፣ ነፃ ነው፣ ማንም መጥቶ አይዘጋውም። ደግሞ ከላይ እስከ ታች በፕለጊን የተሠራ ነው። ዳታቤዝ አያውቅም፤ የፖስትግሬስን ፕለጊን ስትጭንለት ግን «ፖስትግሬስ ክሬት» ብትለው ይፈጥራል፣ «ፖስትግሬስ ሊንክ» ብትለው ከፕሮግራሙ ያስራል፣ «ኤክስፖርት» ብትለው መረጃውን ሁሉ በአንድ ፋይል ያወጣልሃል። ያቺ ፋይል ፍላሽ ላይ ትገባለች። አከራዩ ዋጋ ቢጨምር ወይም ቢዘጋ ሌላ ማሽን ተከራይተህ እነዚያኑ ቃላት ትጽፋለህ።

የሰመራዋ ልጅ ጎሮ ያለች ማሽን በብር ተከራይታ፣ ዶኩን ጭና፣ የክትባት ቀጠሮውን ልታሳድርባት ትችላለች። ለትልቅ ሥራ አይሆንም፤ ማሽኗ አንድ ናት፣ አንዷ ከወደቀች የሚተካ የለም። ትልልቆቹ አከራዮች ጋ ሌሊት ሌሊት ተራ የሚጠብቁ መሐንዲሶች አሉ። እዚህ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዲስኩ ሞልቶ ፕሮግራሙ ቢቆም ስልኩ የሚጮኸው እሷ ጋ ነው፤ ጠዋት የአሳይታዋ ነርስ ከመግባቷ በፊት ተነስታ፣ ኔትወርክ ካለ፣ ሎጉን ታነባለች።